የሽቦ ቤት ያሠራሁላቸው ድመቶች

በኛ ተራ ድመት ማሳደግ አያሳፍርም። እንዲያውም የሚያፍረው ጥራጥሬ እየሸጠ ድመት የሌለው ሰው ነው። ደንበኛ ምስሩን ዘግኖ ሲያየው የአይጥ ኩስ መዳፉ ላይ ከቀረ፣ ሁለተኛ በዚያ በር አያልፍም። እኔን ያሳፈረኝ ድመት ማስከተቡ ነው። ሰው ስንት ነገር አጥቶ በሚያድርበት አገር እኔ አሮጊቷ ድመት አስከተብኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ሥር ይሞቀኛል።

ሱቄ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ናት። ባለቤቴ ከወሎ ይዞኝ ሲመጣ ቅመም ነበር የሚሸጥባት። እሱ ካረፈ በኋላ በርበሬው ዓይኔን ቢያስቸግረኝ ወደ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ዞርኩ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ልጅ ታቅፌ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ እሷን እያጠባሁ፣ ዝም ስትል «ሀ ሁ» እያልኩ። ያቺ ልጅ አድጋ የወለደቻት ናት እንግዲህ የእንስሳት ሐኪም ሆና ይህን ሁሉ ያመጣችብኝ። አመጣችብኝ ስል በፍቅር ነው።

ወደ ድመቶቹ ልመለስ።

በኛ ተራ ድመት አይሸጥም፤ በቃል ነው የሚያዘው። የአንዱ ሱቅ ድመት ስታረግዝ፣ ሆዷ ገና ሳይገፋ፣ ጎረቤቱ ብቅ ይልና «ለኔ አንድ» ይላል። ባለድመቱም «ይሁን» ይላል። አለቀ። የመጀመሪያው ያለ መጀመሪያ ይወስዳል፣ ሁለተኛው ሁለተኛ። ቀልደኞቹ የድመት ዕቁብ ይሉታል። ቀልድ ይሁን እንጂ ቃሉ ቃል ነው። መርካቶ ውስጥ ስንት ዕቃ ያለ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የኖረው ሰው «ይሁን» ያለውን ስለማይበላ ነው።

እኔ ግን በላሁ። ወድጄ አይደለም። ግራጫዋ ድመቴ ጎበዝ አዳኝ ነበረች፣ ልጆቿ ግን አያድጉላትም። ጆንያ ላይ መዝለል ሲጀምሩ፣ ሰው ሁሉ አይቷቸው በሚስቅበት ሰዓት፣ አንዱ ይፈዛል። ከዚያ ሆዱ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ጀርባው ላይ ግን አጥንቱ ይቆጠራል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይከተላል። የተረፈ ካለም ጎበዙ አይደለም። ዓይን ነው ያለኝ አለ፣ ከጆንያው መድኃኒት በልተው ነው ያለኝ አለ። እኔ የጨነቀኝ ቃል የሰጠኋቸው ሰዎች ጋ መሄዱ ነው። ከፊት ለፊቴ ጨርቅ የሚያከፋፍሉት ሐጂ የመጀመሪያው ባለወረፋ ነበሩ። አይጥ ጣቃ ጨርቅ መሀል ገብታ ስትበሳ፣ አንዱ ቀዳዳ ጨርቁ ሲዘረጋ ስንት ቀዳዳ እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለሁለተኛ ጊዜ «ሐጂ፣ ሞቱብኝ» ልላቸው በሄድኩ ቀን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝና፣ «እትዬ፣ የእርስዎ ዕቁብ ለኔ ሳይወጣ እኔው ልሄድ ነው» አሉኝ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሱቄ ተመልሼ ግን ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ።

ሱቆቹ ሁሉ ለፎቅ ይፈርሳሉ በሚባልበት ዘመን ነው ይህ። ዛሬ ነገ እየተባለ ሰው ጣሪያውን እንኳ መጠገን ትቶ ነበር። የልጅ ልጄ ያኔ ትምህርቷን ጨርሳ ከአንድ መምህሯ ጋር ትሠራለች። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ ሆዱ የተነፋ የድመት ግልገል ጭኔ ላይ አገኘች። አነሳችው፣ ድዱን ገልጣ አየች፣ ሆዱን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። አቀማመጧን ሳይ እንደማይተርፍ ገባኝ።

ኮሮና የሚባል ቫይረስ ነው አለችኝ። ያን ጊዜ ለኛ ኮሮና ማለት መኪና ነው፤ ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። የድመት ነው፣ ሰው አይነካም፤ ከዓይነ ምድራቸው ነው የሚጋቡት፤ ብዙዎቹ ይዘውት ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ፣ አንዳንዱ ውስጥ ግን ይከፋል፣ ከከፋ ደግሞ መድኃኒት የለውም አለችኝ። መምህሯ ለዚሁ ክትባት ለማግኘት የሚደክም ሰው ነው። ቀላል አይደለም አለች፤ አንዳንድ የተሞከረ ክትባት ጭራሽ በሽታውን አፋጥኖ ያውቃል። የሱ ሐሳብ ቫይረሱን አድክሞ፣ አፍንጫ ቅዝቃዜ ላይ ብቻ እንዲኖር፣ ወደ ሞቃቱ ሆድ ሲወርድ እንዲሞት ማድረግ ነው። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ወባ እንደሚጥለው ማለት ነው ብዬ ያዝኩት እኔ። በመርፌ አይሰጥም፣ አፍንጫቸው ላይ ጠብ ይደረጋል። አሁን የሚፈልገው ግልገል እየተወለደ በዚሁ በሽታ የሚያልቅበት ቤት ነው።

«የኔ ቤት!» አልኩ። እንደ ሙገሳ ቆጠርኩት፣ አይ ሞኝነት።

ግራጫዋ እንደገና ወለደች፤ አራት። ሐጂ ወረፋቸውን እንደያዙ ናቸው። የልጅ ልጄ ሥራውን ስታስረዳኝ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ለሁለቱ መድኃኒቱ፣ ለሁለቱ ተራ ውሃ ነው ጠብ የሚደረገው። የትኛው ለየትኛው እንደደረሰ መምህሯ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሷም አታውቅም። መድኃኒት ነው እያሉ ውሃ መስጠት? ይህ ምስር ውስጥ ጠጠር ቀላቅሎ መሸጥ አይደለም ወይ? አልኳት። ሚዛኔን አሳየችኝ። «እምዬ፣ አንደኛው ሳህን ላይ ድንጋዩ ካልተቀመጠ የምስሩን ልክ በምን ታውቂዋለሽ? ውሃው ድንጋዩ ነው።» ይህ ገባኝ። እንዲህ ሲነገረኝ ይገባኛል።

ጡት ሲጥሉ ለየብቻ መታሰር ነበረባቸው። የየራሳቸው ሳህን፣ የየራሳቸው አሸዋ፤ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ፣ ከእናታቸውም እንዳይገናኙ። ምን አለሽ ተራ ወርጄ ከውዳቂ ሽቦና ከዘይት ቆርቆሮ አራት ትናንሽ ቤቶች አሠራሁ። ሠሪው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለዶሮ አልኩት። «ዶሮ እንዲህ ያለ ጠባብ በር አይወድም እናቴ» ብሎ ቀና ብሎ አየኝ። ሒሳቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከሁሉም የከፋው፣ ነውር አይሁንብኝና፣ ዓይነ ምድራቸውን መሰብሰቡ ነበር። ቫይረሱ እዚያ ውስጥ ስላለ ይመረመራል። የልጅ ልጄ ባለክዳን ትናንሽ ብልቃጦች ሰጠችኝ። ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በማንኪያ እለቅማለሁ። ድመት እንኳ ንጹሕ ናት፤ ከነካችው ዕቃ ውዱእ አድርጎ መስገድ ይቻላል ሲባል ነው ያደግነው። ከሷ የሚወጣው ግን ነጃሳ፣ ርኩስ ነው። ስለዚህ ለቅሜ ስጨርስ ልብሴን እለውጣለሁ፣ እታጠባለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እጄን አሸትታለሁ። ብልቃጦቹን በዳንቴል የሸፈንኩት ዘንቢል ውስጥ አኖራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛዬ ያን ዘንቢል እያየች፣ «እትዬ ዛሬ ምን ጣፋጭ ይዘው መጡ?» አለችኝ። የመለስኩላትን አላስታውስም። ከዚያ በኋላ እሷ ምስር ስትዘግን እጇን እንጂ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

መርካቶ ምስጢር አያድርበትም። ተሸካሚዎቹ ሰሙ። ጆንያ ያወረደው ሁሉ በሬ ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ እኛንስ መቼ ነው የሚከትቡን? እኛም እኮ አይጥ እንይዛለን» ይለኛል። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «አንተ አፍንጫህ ትልቅ ነው፣ መድኃኒቱ አይበቃም» ይለዋል። ይህን እችላለሁ፤ የተሸካሚ ቀልድ እንደ ጆንያው ጥሎት የሚሄደው ነው።

ያልቻልኩት የሻይ ሻጯን ነው።

ሱቄ በር ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። እሷም ከወሎ ናት። ቦታውን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ቁልፌን የምተውላትም ለሷ ነው። ወጣት ሆና አገር ቤት ሴት ልጅ ሞታባታለች፤ በኩፍኝ። ክትባት ሰጪዎቹ የሚመጡበት ሰሞን ወንዙ ሞልቶ ሳይሻገሩ ቀሩ፣ ውሃው ሲጎድል መጡ፣ ልጅቷ ግን አልቆየችም። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ብርጭቆ እያጠበች፤ ከዚያ በኋላ ወሬው በመሀላችን ተነሥቶ አያውቅም።

የልጅ ልጄ ጠብታውን ልትሰጥ የመጣች ቀን አራቱን እየያዝኩ አቀርብላት ነበር። ግልገሉ አንገቱን ሲያወዛውዝ፣ ሲያስነጥስ፣ እኔ «አይዞህ፣ አይዞህ» እላለሁ። ቀና ስል ሻይ ሻጯ ሁለት ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብርጭቆዎቹን ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«ለድመት ነው እንዴ እትዬ?» አለች።

 ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ወጥታ ከሰሏን ማራገብ ቀጠለች። የልጅ ልጄ ነገሩን ስለማታውቅ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን እጄ ውስጥ የያዝኩት ግልገል ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ እሷን ሽሽት ሆነ ሥራዬ። ሻይ ስታመጣልኝ የሱና ጾም ነኝ እላለሁ። በሬ ላይ ነች፤ እንዴት ይሸሿታል? ጆንያ አስደርድሬ መቀመጫዬን ወደ ውስጥ ገፋሁ። በልቤ፣ ለልጇ ያልደረሰውን ለድመት ሲደርስ አየች፣ ከእንግዲህ ዓይኔን ማየት አትፈልግም እያልኩ። እውነት ለመናገር እሷ ሳትሆን እኔ ነበርኩ የሷን ዓይን ማየት ያልቻልኩት። ጁምዓ ቀን ግን ያው ነው፤ መስጊድ ስሄድ ቁልፉን እጇ ላይ አኖራለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።

አንድ ጁምዓ ሰማዩ ጠቆረ። ሰዉ ምንጣፉን አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ሞልቷል። በር ላይ ያሰጣሁት ባቄላ ትዝ አለኝና፣ ሶላቱ እንዳበቃ፣ እንደ ልማዴ ዱዓ ላይ መቆየቱን ትቼ፣ በሰዉ መሀል ተሹለክልኬ መጣሁ። ባቄላው ገብቷል፤ አስገብታልኛለች። የሱቄ በር ግን ገርበብ ብሏል።

አራቱም የሽቦ ቤቶች ተከፍተዋል። ወለሉ ላይ የኔው ሰፊ ሳህን ተቀምጦ ወተት ተሞልቶበታል። አራቱ ግልገሎች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ይጠጣሉ፣ ግራጫዋ እናታቸው ከኋላ እየዞረች አንድ በአንድ ትልሳቸዋለች። ሻይ ሻጯ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ስታየኝ አልደነገጠችም። እንዲያውም ፈገግ አለች።

«ቶሎ መጡ ዛሬ» አለችኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኋት። ከመጀመሪያው ጁምዓ ጀምሮ ነው አለች። እኔ መስጊድ በሄድኩ ቁጥር ትከፍታቸዋለች፣ አንድ ላይ ታበላቸዋለች፣ ስመለስ እንዳላይ ትመልሳቸዋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን? አልኳት። ድምፄ ቁጣ ሳይኖረው አልቀረም፣ ምክንያቱም አጎንብሳ ነው የመለሰችልኝ።

«ድመት አስራ ስለ ሞተችው ሴት ሁላችንም እናውቃለን እትዬ። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ፣ መስጊድ ሄደው እየሰገዱ፣ እዚህ ድመት ታስሮብዎት... እኔ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ለነሱ ብዬ አይደለም። ለርስዎ ብዬ ነው።»

ያን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም የለም፤ ድመቷን አስራ፣ ሳትመግባት፣ ሄዳ የራሷን እንድትፈልግም ሳትለቃት ገድላት እሳት የገባችው ሴት። እኔ እየመገብኩ ነው፣ ይህ ሌላ ነው ማለት እችል ነበር። ግን እኔ ጆንያ አስደርድሬ ስሸሻት፣ ይቺ ሴት ከጀሀነም ልታወጣኝ ጁምዓ ጁምዓ ወተት ስትገዛ ነበር። ቂም ይዛብኛለች ያልኩት ይቺን ሴት ነው? ዓይኔን የት እንደማኖረው ጠፋኝ። እሷ ግልገሎቹን ወደየቤታቸው ልትመልስ ተነሣች። አሁንማ ተዪያቸው አልኳት።

ለልጅ ልጄ ስልክ ላይ አልነገርኳትም፣ እስክትመጣ ጠበቅሁ። ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አዳመጠችኝ። ከአንድ ሳህን ከበሉ፣ በአንድ አሸዋ ከተራመዱ፣ እናታቸው ሁሉንም ከላሰቻቸው፣ ከእንግዲህ የሚድነው በጠብታው ይዳን፣ የሚታመመው በምን ይታመም፣ መለየት አይቻልም አለች። ጠብታው ራሱ የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ፣ ውሃ የደረሳቸውም ከወንድሞቻቸው አግኝተውት ሊሆን ይችላል። ያን ሁሉ ጠዋት የለቀምኩት ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። ለሷ ግን የኔ ድካም አልነበረም ነገሩ። መምህሯ መርካቶን ያመነው እሷ «አያቴ አለች» ስላለችው ነው። ስሟ ከመምህሯ ስም ጋር የሚነሣውም በዚሁ ሥራ ነው።

እኔም እንዲህ አልኳት፣ «ካልነገርሽውስ?»

አየችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ አይታኝ አታውቅም። «እምዬ፣ ድንጋዩ የተሸረፈ ሚዛን መሆኑን እያወቅሽ ትሸጪበታለሽ?»

አልሸጥበትም። በሕይወቴ አልሸጥኩበትም። እሷ ግን ይህን ለኔ ለማስታወስ ተገደደች፣ በኔው ሱቅ ውስጥ።

ከዚያ እሷን አንድ ነገር ለመንኳት፤ ለሻይ ሻጯ ሥራውን አበላሸሽው እንዳትያት። እሺ አለችኝና ወጥታ ከሰሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፣ ምስር የምለቅም መስዬ።

ሻይ ሻጯ ግልገሎቹ ይድኑ እንደሆነ ጠየቀቻት። የልጅ ልጄ ገና አልታወቀም አለች። ለሁሉም መድኃኒቱ ነው የተሰጠው? ብላ ጠየቀች ደግሞ። አይደለም፣ ለእኩሌቶቹ ውሃ ነው አለቻት፣ እንደኔው በሚዛኑ እያስረዳች። ሻይ ሻጯ ማራገቢያዋን አስቀመጠች።

«የሰው ልጅ ክትባትም እንዲህ ነው የሚሞከረው?»

«ብዙው እንዲህ ነው መጀመሪያ የተሞከረው።»

«ውሃ የደረሳቸው ልጆች ነበሩ ማለት ነው።»

«ነበሩ» አለች የልጅ ልጄ፣ ቀስ ብላ።

 አንድ ተሸካሚ ሻይ ፈልጎ ቆመ፣ ቀድታ ሰጠችው። ከዚያ፣ «እናቶቻቸውን አላህ ያጽናቸው» አለች። ስለራሷ ልጅ ምንም አልተናገረችም። የልጅ ልጄም አልጠየቀቻትም፤ ግን ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ተቀመጠች ቀረች፣ ሳትጠጣው። ገብቷት ይሁን ሳይገባት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ መጠየቅም አፍራለሁ።

መምህሯ ተቆጣ ይሁን አዘነ አልነገረችኝም። የኔ ሱቅ ከሥራው ወጣ። ብልቃጦቹን ሰብስባ ወሰደች፣ ዘንቢሌን አጥባ መለሰችልኝ። እሱ ሙከራውን ሌላ ቦታ ቀጠለ፤ ስሟ ግን ከዚያ በኋላ አብሮ ሲነሣ አልሰማሁም።

ከአራቱ አንዱ ታመመ፣ ያንኑ ሆድ አወጣ፣ ሞተ። ሦስቱ አደጉ። ጠብታው ይሁን ዕድላቸው፣ ወይ የጁምዓው ወተት፣ አላህ ያውቃል። ሻይ ሻጯ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው ብላ ደስ አላት። እኔም የልጅ ልጄም አላረምናትም።

ሐጂ ወረፋቸው ደርሶ ሊወስዱ መጡ። የመረጡትን ግልገል ካባቸው ውስጥ አስገብተው፣ «ተከትቧል ወይ እትዬ?» አሉኝ፣ እየሳቁ።

ሻይ ሻጯ ከደጅ ሆና ትሰማለች። ለዚያ ሰው፣ ያን ያህል ለጠበቁኝ ሰው፣ እውነቱን ልመልስ ፈለግኩ። «አላውቅም ሐጂ» አልኳቸው። ለቀልዳቸው የመለስኩ መሰላቸው፤ እየሳቁ መንገዱን ተሻገሩ።

የሽቦ ቤቶቹን ምን አለሽ ተራ መልሼ መሸጥ አልሆነልኝም፤ ሠሪው ዶሮዎቹ የት ሄዱ ቢለኝ የምለው የለኝም። አሁን ሽንኩርት አስቀምጥባቸዋለሁ። በራቸውን ግን አልዘጋም።